ሙዝና የጠገነቻት ጀልባ

የኻልፋን ጀልባ ሱር ከተባለችው የወደብ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር፣ በቤቱ ግቢ ውስጥ ዓመታት ተገልብጣ ኖራለች። ኻልፋን መልሕቅ ሲጎትት ወገቡ ከተቀጨ ወዲህ ከባድ ነገር አያነሳም፤ የሚበላው ዓሣ እንኳ ከወንድሙ ቤት ነው የሚላክለት። ይሄ ያንገበግበዋል።

ሙቀቱ በረድ ሲል ጀልባዋን ላድሳት ብሎ ተነሳ። ጉልበት እንዲሆነው የወንድሙን ልጅ ሑመይድን ጠራው። ሑመይድ አንድ ዓርብ መጥቶ የድሮውን ቀለም ፍሌክሲብል በሚሉት የኤሌክትሪክ መፋቂያ ሲፍቅ ዋለ፤ ጀልባዋ የተሠራችበት የፋይበርግላስ ብናኝ ሲያሳክከው አድሮ በዚያው ቀረ። ኻልፋን ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኖ በሩን በሩን ሲያይ ሰነበተ። ሚስቱ ሙዝና ይህን ማየት ሰለቻት። አንድ ጠዋት ሻርቧን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ፍሌክሲብሉን አነሳች።

«አስቀምጪው፣ እጅሽን ይቆርጥሻል» አላት።

«ዓሣ ስቆርጥ የኖርኩት በማንኪያ ነው እንዴ? ይልቅ ከየት እንደምጀምር ንገረኝ።»

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላው ግድግዳ ሲከፈት፣ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ እንደ ራሰ ዳቦ በጣት ይዛቅ ነበር። ሙዝና ጠርጋ አወጣችው፣ በኮምፔንሳቶ ተካችው፣ ላዩ ላይ የፋይበር ጨርቅ እያነጠፈች ሙጫ አጠጣችው። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሙጫ የሚቀላቀልበት ማጠንከሪያ በዝቶበት፣ ገና ሳትቀባው ጨሰና ድንጋይ ሆነ። ኻልፋን ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሳይወጣ መበጥበጥ ለመደች። የጀልባዋን ጎኖች ከፍ አደረገቻቸው፤ መሐሏ ላይ በረዶ የሚይዝ የዓሣ ሣጥን ሠራችላት። ሣጥኑን ኻልፋን አላሰበውም፤ የተበላሸ ዓሣ ስታጥብ የኖረችው እሷ ናት።

ብናኙ አልጋው ድረስ ስለተከተላት ኻልፋን ፍራሹን ይዞ ሌላ ክፍል ገባ። ክንዷ ቆሳሰለ። ቢሆንም በትዳራቸው ሙሉ የዚያን ሰሞን ያህል አውርተው አያውቁም። «መሐንዲሷ» ይላታል። «ውሃ ላይ ስትወርድ መጀመሪያ የምትቀመጪባት አንቺ ነሽ። መሪውን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ እንደ ሼክ እንደላቀቃለሁ።»

ሙዝና ባሕር የወጣችው ልጅ ሳለች ነው፣ ከአባቷ ጋር። አመነችው።

ጀልባዋ የምትወርድ ዕለት የመንደሩ ወንዶች በመኪና ጎትተው ወደ ባሕሩ ወሰዷት። ሙዝና ሻይ በፔርሙስ ይዛ ከኋላ ተከተለች። መርሁን የሚባለው ጎረቤታቸው የኋላውን ግድግዳ በጡጫ መታ መታ አደረገና፣ «ይሄማ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። የማን እጅ ነው?» አለ።

ኻልፋን ሰዎቹን አየ። የተመረኮዘበትን ዱላ አየ።

«የሑመይድ» አለ። «ልጁ እጅ አለው።»

ጀልባዋን ሊገፋ የመጣው ሑመይድ ጆሮውን አከከ። «ኧረ ትንሽ ነው…» አለ። ወንዶቹ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉት። ከዚያ ጀልባዋን ገፉ፣ ኻልፋንን ደግፈው አስቀመጡት፣ ይዘውት ወደ ባሕር ወጡ። ሙዝናን ነይ ያላት የለም።

ኻልፋን ቤት ሲመለስ፣ «ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ? እኔ ወንበር ላይ ተጎልቼ ሚስቴ ጀልባዬን ጠገነችልኝ ልበል? ከዚያ በኋላ በየት በኩል ነው የምወጣው?»

«ሲሠራ አላፈርክም።»

«ሲሠራ ማን አየን?»

ብዙም ሳይቆይ መርሁን የራሱን የተሰነጠቀች ጀልባ ለሑመይድ ሰጠው። ሑመይድ በጓሮ በር መጣ።

«አክስቴ፣ ማጠንከሪያው ምን ያህል ነው የሚገባው?»

«የመንደሩ ባለ እጅ አይደለህ? ምን እኔን ትጠይቃለህ።»

«አክስቴ፣ በሞቴ።»

«አጎትህን ጠይቀው። እሱ ሁሉን ሲያይ ነበር።»

ሑመይድ በግምቱ ሠራት። መርሁን ከወንድሙ ጋር ርቆ በወጣበት ቀን ጥገናው እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጠ። ሌላ ጀልባ እስኪደርስላቸው ድረስ የገባውን ውሃ በባልዲ ሲደፉ ውለው በነፍስ ተረፉ። ሙዝና ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰው ሊሞት ይችላል ብላ አላሰበችም ነበር።

መርሁን እየተንጨረጨረ ግቢያቸው ገባ። ኻልፋን እውነቱን የተናገረው ያን ጊዜ ነው፣ የወንድሙን ልጅ ለማዳን።

«ልጁን ተወው፤ ምንም አያውቅም። የእኔን የሠራቻት ሙዝና ናት።»

መርሁን ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «አሁን ደግሞ ከሴት ቀሚስ ሥር መደበቅ ጀመርክ?»

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ፦ የመርሁን ጀልባ ተጠግና እስክትመለስ ድረስ በኻልፋን ጀልባ ይሥራ። ኻልፋን ከሽማግሌዎቹ ተነስቶ ቀጥታ ማድ ቤት ገባ።

«እንዳልሽው ነገርኳቸው፤ አላመኑም። አሁን ያቺን ጀልባ ግቢ አስገባታለሁ፣ በሩን ዘግተሽ ሥሪያት። ሑመይድ ሠራት እንላለን። የእኛ ትመለሳለች።»

ሙዝና ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም።

«እኔ ጀልባ መሥራት አልችልም» አለች።

«ሙዝና።»

«የት ተምሬ?»

ደጋግሞ ለመናት፤ ሙስካት ባለችው ልጃቸው በሳሊማ በኩልም አስለመናት። እምቢ አለች። የመርሁን ጀልባ አሸዋው ላይ እንደተጋደመች ቀረች፤ የኻልፋንም ከመርሁን እጅ አልወጣችም። የመርሁን ልጆች ሣጥኑን በረዶ ሞልተው ሲወጡ ሙዝና ከቤቷ ጣሪያ ላይ ሆና ታያቸዋለች። ሞገድ ሲመታት ጀልባዋ ውሃ አታስገባም።

ኻልፋን ዱላውን ይዞ መስጊድ ደርሶ ይመለሳል። ምሳ ታቀርብለታለች፤ ይበላል። ስለ ጀልባ አያወሩም። ስለ ሌላም ብዙ አያወሩም።