የኋለኛው ክፍል በር

ባሏን «አቶ ይስተካከላል» ብላ የሰየመችው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። ሰውየው ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ቤት እያሰሰ በርካሽ ይገዛና ያከራያል፤ ተከራይ ከተገኘለት ማለት ነው። ያለፈውን፣ ወደ ሽንት ቤቱ በኩሽና በኩል የሚገባበትን ቤት እንደምንም ችላዋለች። የአሁኑ ግን ባሰ። ወደ ኋለኛው መኝታ ቤት ለመግባት የፊተኛውን መኝታ ቤት ማቋረጥ ግድ ነው፤ ሌላ በር የለውም።

«የሰው አልጋ ተሻግሮ የሚተኛ ተከራይ ከየት ልታመጣ ነው?» አለችው።

«ይስተካከላል።»

ለዚህ ቤት መግዣ ሲባል ሱቋን ለቃ የስፌት መኪናዋን ከመኖሪያ ቤታቸው ሶፋ ጎን ሸጉጣለች። ቤቱ ተከራይ ካላገኘ ወደ ሱቋ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ሊያይ የመጣው ሁሉ ደግሞ «እስቲ እናስብበት» እያለ ውልቅ ይላል።

ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ግንበኛ አስመጣች። ግድግዳው ፈርሶ ከኋለኛው ክፍል በቀጥታ ወደ ኮሪደሩ የሚያስወጣ በር ተከፈተ። እሰይ አለች።

አቧራው እንኳ ሳይበርድ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቱን አይታ «እስቲ ላስብበት» ብላ የሄደች ሴት ልትከራይ ተመልሳ መጣች። አዲሱን በር ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ አልነበረም።»

«አሁን ነው ያስከፈትነው፤ እንደ ልብ እንድትገቡ እንድትወጡ» አለች ልብስ ሰፊዋ ኮራ ብላ።

«እናቴ ሁሉን ነገር ትረሳለች። ሌሊት እየተነሳች፣ ልጅ ሆና ወዳደገችበት ቤት ልሂድ ብላ ትወጣለች። ስቆልፍባት ታለቅሳለች። እዚህ ግን በአልጋዬ አጠገብ ሳታልፍ መውጫ አልነበራትም። ቤቱን የወደድኩት ለሱ ነበር።»

ባልየው አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ ቀደመችው።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለችው።

ንዴቷ መውጫ አጣ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ ብታሸንፈው፣ ያውም በማይሆነው ነገር ሆነ። ወደ ግንበኛው ዞረች።

«ድፈነው።»

«የቱን?»

«አሁን የከፈትከውን ነዋ።»

«ጠዋት ክፈት፣ ከሰዓት ድፈን። እየቀለዳችሁ ነው?»

ሴትየዋ ጠጋ አለች።

«ለማታ ይደርስ ይሆን? ትናንት እናቴን አስፋልት መሀል ነው ያገኘኋት።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ ከፍርስራሹ ደህና ደህናውን ብሎኬት እየመረጠች ለግንበኛው ታቀብለው ጀመር።