“ይቁም” የምትል ልጅ

የኮሌጃችን ዲን ባለፈው ሰኞ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ “ትሪና፣ ለድረ ገጻችን ግማሽ ገጽ ጻፊልን። ተማሪ ከመምህሩ ጋር አብሮ መመራመሩ ምን ጥቅም እንዳለው። ሞቅ ያለ ነገር ይሁን፣ ወላጆች ያነቡታል” አለኝ። እሺ አልኩት። ሞቅ ያለ! ሦስት ቀን ተቀምጬ አንድ መስመር አልወጣኝም። እኔ ጥቅሙን የማውቀው ባበላሸሁት በኩል ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ለወላጆች አይጽፍም። ለዲኑ ሌላ ሰው ይጻፍለት። የእኔው ይኸውና።

የተማርኩት እዚሁ አሁን በማስተምርበት ኮሌጅ ነው። ያኔ ፕሮፌሰር ኦርቪል ሄክማን የሚባሉ መምህር ነበሩን። ከኮሌጁ ሃያ ደቂቃ በመኪና ተኪዶ ከጥድ ጫካ ጀርባ አንድ ኩሬ አለ። እሳቸው የዚያን ኩሬ ኤሊዎች ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆጥረዋል። እያንዳንዷን ይይዛሉ፣ ይለካሉ፣ የቅርፊቷን ጠርዝ በሞረድ ትንሽ ትንሽ ቆርጠው ምልክት ያደርጉባታል፣ ይለቋታል። የጠርዙ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቁጥር አለው። የተሞረዱትን ስትደምር የኤሊዋን ቁጥር ታገኛለህ። ከሃያ ዓመት በኋላም ብትይዛት ማን እንደሆነች ጀርባዋ ላይ ተጽፏል።

የተዋወቅነው በስህተት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሳለሁ ሰማንያ ተማሪ በተቀመጠበት አዳራሽ ሰሌዳ ላይ ደመሩና አንድ ሰባት ዘለሉ። ሁሉም ዝም ብሎ ይገለብጣል። እኔ የላም አርቢ ልጅ፣ ወጉን መች አውቄው፣ ከኋላ ጮህኩ።

“ፕሮፌሰር፣ ሰባቷን ረስተዋታል!”

ዞር አሉ። ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ስምሽ ማነው?”

“ትሪና ቦስማ።”

“ቦት ጫማ አለሽ፣ ትሪና ቦስማ?”

“የላም በረት ቦት ጫማ አለኝ።”

“እሱማ ይበልጣል። ቅዳሜ ጠዋት አድርገሽው ነይ።”

ባልደረባቸው ፕሮፌሰር ክሮል ይህን ሲሰሙ ኮሪደር ላይ፣ እኔው እየሰማሁ፣ “ኦርቪል፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ዕቃ ተሸካሚ ከፈለግህ ቅጠር፣ ሥራህን ለምን ታበላሻለህ?” አሏቸው።

“አንተ ስትሳሳት ማን ይነግርሃል?” አሉ ፕሮፌሰሬ።

“እኔ አልሳሳትም።”

“ይኸውልህ! እሱን እኮ ነው የምልህ!”

ሥራው እንዲህ ነው። እሳቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ይቆሙና ኤሊዋን ከወጥመዱ አውጥተው ቁጥሯን ይጠራሉ። እኔ ደብተር ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ፣ የጠሩትን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ እጽፋለሁ። የእኔ ዓይን ሌላ ካየ ግን አልጽፍም። “ይቁም” እላለሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ ክርክር የለም። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ከኤሊዋ አንገት በስተቀኝ ያሳርፉና እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጥራሉ። ተሳስተው ከተገኙ መንገድ ዳር ባለችው ምግብ ቤት የቼሪ ፓይ፣ ያን በፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ኬክ፣ ያበሉኛል። እኔ ተሳስቼ ከሆነ ወጥመዶቹን አጥባለሁ። ኤሊ እንዲስብ የተጨመረበት የበሰበሰ ሰርዲን የሚሸት ወጥመድ ማጠብ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

“ለማጨብጨቡ ሰው ሞልቷል” ይሉኝ ነበር። “አንቺን ያመጣሁሽ እንድታስቆሚኝ ነው።”

ሁለት በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኮሌጁ በሚዘጋበት ጊዜ፣ እንዲህ ሠራን። እሳቸው አራት ጊዜ ፓይ አበሉኝ፤ እኔ ያጠብኩት ወጥመድ ለቁጥር ያታክታል። ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ጊዜ የለም። አባቴ እንኳ ትራክተሩን ሲያበላሸው አንዲት ቃል ብተነፍስ ያባርረኝ ነበር። ይሄ ትልቅ ሰው ግን ይቁም ስለው ይቆማል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደብተሮች ሰው በሚያነበው ጽሑፍ አልተጻፉም። ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ እጃቸው እርጥብ፣ እርሳሱ አጭር፣ ቦታው ጠባብ፣ ራሳቸው በፈጠሩት ምልክት ነበር የሚጽፉት። ቆልማማ መስመር፣ ነጥብ፣ ግማሽ ክብ። መቼ ተያዘች፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ እንቁላል ይዛለች ወይ፣ ሁሉም በዚያ ነው ያለው።

“ፍቺውን የት ነው የጻፉት?” አልኳቸው አንድ ቀን።

ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። “እዚህ።”

“እሱማ መኪና ቢገጭዎትስ?”

“አሁንስ ሟርተኛም ወጣሽ!” ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳቁን ተዉትና፣ “ጊዜው ሲደርስ ኩሬውን ትተን ሁለታችን ቁጭ ብለን እንጽፈዋለን። መድረሱን አንቺ ታውቂያለሽ” አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ምናለ በጠየቅኩ!

በሦስተኛው በጋ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያዋን ኤሊ አነሱና “ሁለት መቶ አሥራ ስድስት” ብለው ጠሩ። እኔ የማየው መቶ አሥራ ስድስት ነው።

“ይቁም።”

ከአንገቷ ጀምረው ቆጠሩ። “ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።”

“ይቁም፣ ፕሮፌሰር።”

ሦስተኛ ጊዜ ኤሊዋን ወደ ፀሐይ አዙረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ “ይሄ መነጽር! ዛሬውኑ ነው የምጥለው” አሉና ሳቅን፣ ፓያችንንም በላን። በማግስቱ አራት ጊዜ አስቆምኳቸው፣ አራቱንም ጊዜ የተሳሳቱት እሳቸው ነበሩ። ምግብ ቤቷ ገብተን ፓይ ሳያዙ ቀሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ይወለውላሉ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝና በመስኮት የነዳጅ ማደያውን አየሁ። አንጀቴን በሉት።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የወተት ባልዲ እያጠበች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

“አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ያሳፍራሉ እንዴ? ትክክሉን ካየሽ ዝም ብለሽ ትክክሉን ጻፊ። ምን ያስለፈልፍሻል?”

ልክ መሰለኝ። እናቴን አልወቅስም፣ እሷ ስለ ኤሊ ምን ታውቃለች። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ የእሳቸውን ይደግማል፣ እጄ ዓይኔ ያየውን ይጽፋል። እሳቸው “ዘጠና አራት” ይላሉ፤ እኔም “ዘጠና አራት” እልና አርባ ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ትንሽ ይጠብቁኛል።

“ትክክል?”

“ትክክል፣ ፕሮፌሰር።”

ፊታቸው ፈካ። በሐምሌ ማፏጨት ጀመሩ። በነሐሴ ፕሮፌሰር ክሮልን መኪና ማቆሚያው ላይ ይዘው፣ “ከሰኔ መጀመሪያ ወዲህ አንድም ቀን አላስቆመችኝም! ሰማህ? አንድም ቀን!” ሲሏቸው ሰማሁ። እኔም በሆዴ ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሞኝ! ደብተሩ ትክክል ነው፣ ሽማግሌው ደስተኛ ናቸው፣ ማን ተጎዳ? አልኩ።

በጥቅምት ከኩሬው ሲመለሱ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በነዱት መንገድ ላይ ጠፉ። የጎማ ሱሪያቸውን እንደለበሱ አሸዋ ማውጫ ጉድጓድ ዳር ቆመው አገኟቸው። ሐኪሞቹ የመርሳት በሽታ ነው፣ ከጀመረም ቆይቷል አሉ። ማስተማሩን ያኔውኑ ተዉ። በረዶው ሲጠነክር ሰው መለየት ያስቸግራቸው ጀመር። በየካቲት የመጀመሪያዎቹን ደብተሮች ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። አንዱን ገልጬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ቆልማማዎቹን መስመሮች በጣታቸው ተከተሉ፣ ተከተሉና፣ “የማን ልጅ ነው የሞነጫጨረው?” አሉኝ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤዲት ክንዴን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ወሰዱኝ። የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርደው ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቀውት ነበር፤ እሱን ነው መጀመሪያ ያሳዩኝ። ከዚያ ተቀመጡ።

“አባቱም በስልሳ ሁለቱ እንዲሁ ነው የሆነው” አሉ። “ኦርቪል ይሄን ሲፈራ ነው የኖረው። ሐኪም ዘንድ ሂድ ስለው፣ ‘ከሐኪም የተሻለች አለችኝ፣ ልጅቷ ታስቆመኛለች’ ይለኛል። ‘ማስቆም ስታበዛ ያኔውኑ ኩሬውን ትቼ ደብተሮቹን እፈታለሁ’ ይል ነበር። በሰኔ ለሁለት ቀን ያህል ከፍቶት መጣ። ወረቀት ሁሉ ገዝቶ ነበር፣ ያውና ጠረጴዛው ላይ። ከዚያ ግን ማታ ማታ እየመጣ፣ ‘ዛሬም አላስቆመችኝም፣ ኤዲት! ዛሬም!’ ይለኛል። አቅፎኝ ይዞራል እዚችው ወለል ላይ። እኔም ዳነ ብዬ አመንኩ።”

ጠረጴዛውን አየሁት። ወረቀቱ እንደታሸገ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገርኳቸው። ምንም ሳልደብቅ፣ አፌ ሌላ እጄ ሌላ እንደነበር ነገርኳቸው። ወይዘሮ ኤዲት የዱቄቱን ዕቃ ከደኑት።

“ለምን?” አሉ።

“አሳዘኑኝ።”

“እኔንም ያሳዝነኝ ነበር” አሉ። “ግን እኮ የሚያዝንለት ሰው አልጎደለውም። ለዚያ ለዚያማ እኔ ነበርኩ።”

አልጮኹብኝም። ምናለ ቢጮኹብኝ፣ ቢያባርሩኝ! ኮቴን አቀበሉኝ፣ በረዶው ያንሸራትታልና ቀስ ብለሽ ንጂ አሉኝ።

ሃያዎቹ ደብተሮች ዛሬ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ አሉ። የቋንቋ ሰው አሳየሁ፣ የሒሳብ ሰው አሳየሁ፣ ፕሮፌሰር ክሮል እንኳ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለት ዓመት ታገሉ። የተፈታ የለም። ኤሊዎቹ ግን አሁንም ይወጣሉ። ባለፈው ሰኔ ከተማሪዬ ጋር መቶ ሰባትን ያዝናት። ቁጥሯ ጀርባዋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መቼ እንደተያዘች፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ምን አይታ እንዳለፈች የሚነግረን የለም። ተማሪዬ “ዕድሜዋ ስንት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። አይታወቅም ብዬ አስጻፍኳት።

ፕሮፌሰሬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በታመሙ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከቢሯቸው አንድ ባዶ ቅርፊት ይዤላቸው ሄድኩ፤ ቀድሞ ኩሬው ዳር ሞታ ያገኟት ኤሊ ናት፣ ቁጥሯ ሠላሳ አንድ። ሲያዩት እጃቸው ራሱ ተዘረጋ። አውራ ጣታቸውን ከአንገቷ በስተቀኝ አሳረፉ፣ ጠርዙን በጣታቸው ዞሩት።

“ስድሳ አራት” አሉ።

በዚህ ጊዜ ግን አልኩት።

“ይቁም።”

ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ልክ እንደ ድሮው ወደ አንገቷ ተመልሰው ከመጀመሪያው ቆጠሩ። “ስድሳ አራት።”

“ይቁም፣ ፕሮፌሰር።”

እንደገና ቆጠሩ። እንደገና አስቆምኳቸው። እንባዬ እየወረደ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ አስቆምኳቸው፣ ያን በጋ ሙሉ የዋጥኩትን ሁሉ። በመጨረሻ ቅርፊቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጄን መታ መታ አደረጉ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚያደርጉት።

“እርስዎ ደግ ሰው ይመስላሉ” አሉኝ። “ግን ለሥራው አዲስ ነዎት፣ ይሳሳታሉ። እኔ አንዲት ተማሪ አለችኝ። የላም አርቢ ልጅ ናት፣ ዓይኗ አይስትም፣ ይሉኝታ የሚባል አታውቅም። እሷን ይጠይቋት። በጋውን ሙሉ አንድም ቀን አላስቆመችኝም።”