ለቲንድራ እግሮች የተገባ ውል

ዮርዲስ ኔስሉንድ ከማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል በጡረታ ከተሰናበተች አራት ዓመት ቢሆናትም፣ ቅጽ ባየች ቁጥር እጇ አሁንም ወደ እስክርቢቶ ይሮጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች የጀልባ መጠለያ፣ የማገዶ ቤት ወይም የእንፋሎት መታጠቢያ ለመሥራት ሲያመለክቱ ወረቀታቸውን ስትመረምር ኖራለች። ባዶ የተተወ መስመር ካገኘችም፣ ሳትቆጣም ሳትስቅም፣ ወረቀቱን ወደ ባለቤቱ ትመልሰው ነበር። በእሷ አስተሳሰብ ባዶ መስመር ማለት በጨዋ ደንብ የተነገረ ውሸት ነው።

በመስከረም መጀመሪያ ቲንድራ የምትባል ቡችላ ወደ ቤቷ ገባች። ከሐይቁ ማዶ ካለ አርቢ በዘጠኝ ሳምንቷ የመጣች፣ አጋዘን ከሚያሳድዱት ግራጫ ውሾች ዘር ናት፤ ቀኝ ጆሮዋ ቆሟል፣ ግራው ገና አላመነበትም። በዚያ መንደር አንድ ሰው ቡችላ አመጣሁ ሲል፣ ጎረቤቱ ስሟን ከመጠየቁ አስቀድሞ «መድን የት አስገባሃት?» ይለዋል። ውሻውን ያላስመደነ ሰው በበረዶ ወራት ጎማ ሳይቀይር እንደሚነዳ ሰው በዝምታ ይታያል፤ ዝምታውም ከስድብ ይብሳል።

ዮርዲስን ያስጨነቃት ግን የጎረቤት ዓይን አልነበረም። ከቲንድራ በፊት ሳላ የምትባል ውሻ ነበረቻት። የሳላ የቀኝ ኋላ እግር ጅማት ተበጠሰ፤ ጉልበቷ ተከፍቶ ተጠገነ፤ የመድን ውሉ ለዓመቱ የፈቀደው ገንዘብም እዚያው ላይ አለቀ። ከአምስት ወር በኋላ ግራው ተከተለ። ለሁለተኛው ጉልበት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ አልተገኘም። ሐኪሙ በሐዘን ሳላ በመርፌ እንድታርፍ የሚፈቅድ ወረቀት አቀረበላት፣ ዮርዲስም ፈረመች። በዕድሜዋ ከፈረመቻቸው ወረቀቶች ሁሉ መልሳ ብትሰርዘው የምትወደው ያንን አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ቲንድራን ከአርቢው እጅ ስትቀበል ለራሷ ቃል ገባች፤ ከምንም በፊት እግሮቿ ይመደናሉ፣ በቂ የክፍያ ጣሪያ ባለው ውል።

አርቢው በበኩሉ ቀላል መንገድ አሳይቷት ነበር። «የእኔን መድን ውረሺ፤ ጥያቄ የለው፣ ምን የለው፣ ስም ብቻ ነው የሚቀየረው» ብሏት ነበር። እሷ ግን የዓመቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ሆኖ ስላገኘችው አመስግና ተወችው፤ የሦስት ኩባንያዎችን መግለጫም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ ሳምንት አነበበች።

ወንድሟ ስክስተን ከግቢው ማዶ በአባታቸው ትንሽ ቤት ይኖራል። ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ ያሳለፈ፣ ድምፁ ዛሬም ከመጋዙ በላይ ለመሰማት የሚታገል የሚመስል ሰው ነው። በየጠዋቱ ይመጣና፣ እንደ አካባቢው ልማድ የተቆረጠ አይብ ቡናው ውስጥ እየከተተ፣ እህቱ በእርሳስ የምታሰምርበትን ይመለከታል።

«እስካሁን አልጨረስሽም? ባል እንኳ እንዲህ መርጠሽ አላገባሽም።»

«ለዚህ ነዋ አሁን የምጠነቀቀው።»

የመጀመሪያው ኩባንያ ርካሽ ቢሆንም የመገጣጠሚያን ሕክምና በግማሽ ብቻ ይከፍላል። ሁለተኛው ሁሉን እከፍላለሁ ይላል፤ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ስታነበው ግን ውሻዋ ሰባት ዓመት ሲሞላት ቃሉን ያጥፋል። ሦስተኛው ወርሃዊ ክፍያው ጠንከር ይላል፤ ጣሪያው ግን በዓመት መቶ ሃምሳ ሺህ ክሮነር ነው፣ ዕድሜም አይቆጥርም። ዮርዲስ ሦስተኛውን መረጠች፤ የጤና መግለጫ ቅጹንም አውጥታ ቁጭ አለች።

ስድስተኛው ጥያቄ «ውሻዋ እስከ ዛሬ ማንኛውንም የሕመም ወይም የጉዳት ምልክት አሳይታ ታውቃለች?» ይላል። ለመልሱ የተተወው ሁለት መስመር ነበር። ዮርዲስ ሁለት ገጽ አያያዘች።

በገጾቹ ላይ ቲንድራ ሰኞ ዕለት አፍንጫዋን ከምድጃው አመድ ውስጥ ከትታ አምስት ጊዜ ማስነጠሷን ጻፈች። ረቡዕ ዕለት የአቶ ስክስተን ኔስሉንድን የሱፍ ካልሲ ከፊል ክፍል በልታ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከነክሩ ማስመለሷን ጻፈች። ዓርብ ጠዋት ብርድ ላይ፣ ግቢው ውስጥ፣ በፊት ግራ እግሯ አራት እርምጃ ማነከሷንና አምስተኛው ላይ መተዋን ጻፈች። የቫኪዩም ማጽጃ ትፈራለች የሚለውን ግን ጽፋ ሰረዘችው፤ ይህ ጠባይ እንጂ ሕመም አይደለም ብላ።

መልሱ በስምንተኛው ቀን መጣ። ኩባንያው ለቲንድራ የእንኳን ደህና መጣሽ መልካም ምኞቱን ገልጾ፣ ውሉ በሦስት ገደቦች መጽደቁን ያስታውቃል፤ የመተንፈሻ አካላትን፣ የምግብ መፍጫ አካላትን፣ እንዲሁም የአራቱንም እግሮች አጥንት፣ መገጣጠሚያና ጅማት አይመለከትም።

ስክስተን መነጽሩን አጥልቆ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እስቲ ቆይ። ሳንባ የለም፣ ሆድ የለም፣ እግር የለም። እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ጭራዋን አስመድነሻል።»

«አትቀልድብኝ።»

«ጆሮም አለ ለካ፤ አንዱ፣ የቆመው።»

«እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

«የጠየቁሽ ታማ ታውቃለች ወይ ነው። አንቺ የጻፍሽላቸው የሕይወት ታሪኳን! የኔን ካልሲ ሳይቀር አገር አወቀው። ደግሞ ተረከዙ የተቀደደ መሆኑንም ነግረሻቸዋል አይደል?»

ዮርዲስ ደብዳቤውን አጠፈች። ነግራቸዋለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኩባንያው ደወለች። ያነሳው ወጣት ማንነቷን ስትነግረው እንደ አገሩ ልማድ ያለ ማዕረግ በስሟ ጠራት። «ሰላም ዮርዲስ፣ ሜልከር ነኝ። የቲንድራ ባለቤት ነሽ አይደል? የቲንድራን ማመልከቻ እዚህ የማያውቅ የለም።»

«ለምን?»

«ስድስት ዓመት ስሠራ አባሪ ያለው የቡችላ ማመልከቻ አይቼ አላውቅማ። በሻይ ሰዓት ጮክ ብለን አነበብነው።»

«ለመሳቅ?»

«ትንሽ ስቀናል» አለ ሜልከር፤ መዋሸት የማይችል ልጅ ነበር። «ስሚኝ፣ አመዱንም ካልሲውንም እኔ እረዳለሁ። ማነከስ የሚል ቃል ሳይ ግን ደንቡ እጄን ያስረኛል። ምክንያቱ ያልታወቀ ማነከስ ለእኛ ከምንም ነገር ሊመጣ ይችላል። በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ የሐኪም ማስረጃ ካመጣሽ እንደገና እናየዋለን።»

«ካላመጣሁስ?»

«ገደቡ ይጸናል። ሌላ ጋ ብትሄጂም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ፣ ከዚህ በፊት ገደብ ተጥሎባት ያውቃል ወይ ብለው ነው።»

ዮርዲስ ስልኩን አስቀምጣ ቲንድራን ተመለከተቻት። ቡችላዋ የጠረጴዛውን እግር እያኘከች ነበር፤ በአራት ያልተመደኑ እግሮች ላይ ቆማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲንድራ መሬት የረገጠችው በልክ ነው። ዮርዲስ ደረጃውን ታቅፋት ትወርዳለች፣ ታቅፋት ትወጣለች። በአጭር ማሰሪያ ይዛም፣ ከቀዶ ሕክምና እንደተነሣ ሰው ቀስ እያለች፣ ቤቱን ታዞራታለች። ጫካው ከማገዶው ክምር ማዶ ይጀምራል። የአደን ወቅት በመሆኑ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ውሾች ድምፅ ከጥዶቹ መሐል ይሰማል፤ ቲንድራም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ የቆመውን ጆሮዋን ወደዚያው አዙራ ታለቅሳለች። ይህ ልቅሶ ዮርዲስን እንቅልፍ ነሳት። እግሯን ላድን ብላ እግር እንደሌላት አድርጋ ማሳደጓ ነበር።

ከእንስሳት ሐኪሟ ጋር የተያዘው ቀጠሮ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ዋለ። ጠዋት ውርጭ ወርዶ ነበር። ስክስተን መኪናውን አሙቆ ሲጠብቅ፣ ዮርዲስ ቡችላዋን በማገዶው ክምር በኩል ለሽንት ወስዳ መለሰቻት። መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቲንድራ የፊት ግራ እግሯን አነሣች፤ ሁለት እርምጃ በሦስት እግር ሄደች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አራቱንም ረገጠች።

«እኔ አላየሁም» አለ ስክስተን።

«አይተሃል።»

«መኪና እየነዳሁ ነበር።»

«መኪናው ቆሟል፣ ስክስተን።»

ግማሹን መንገድ ከሄዱ በኋላ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማለትም እንደ ሌላው ሰው ሆኖ፣ ተናገረ። «በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ዛሬ አንድ ቀን አፍሽን ዝጊ። ሐኪሟ ዓይን አላት፤ ካገኘችው ታግኘው፣ ካላገኘችው ትፈርምልሽ። ያኔ በሳላ ጊዜ አብሬሽ ነበርኩ። ሁለተኛ አብሬሽ መቆም አልችልም።»

ዮርዲስ የቡችላዋን ጆሮ ዳሰሰች። ቲንድራ ጭኗ ላይ ተኝታ ትተነፍሳለች፤ ዮርዲስም የወንድሟን ምክር ብታገላብጠው ብታገላብጠው ስንጥቅ አጣችበት። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። ዝም እላለሁ ብላ ወሰነች።

ሐኪሟ ኢልቫ ወጣት ናት፤ ውሻ የምትመረምረው መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። የቲንድራን ልብና ሳንባ አዳመጠች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ዘረጋች። ሞቅ ባለው ኮሪደር ወዲያና ወዲህ አስሮጠቻት። ቲንድራ እንደ ባለሥልጣን ቀጥ ብላ ሄደች።

«ቆንጆ ናት» አለች ኢልቫ፤ ማስረጃውንም ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። «ከመፈረሜ በፊት የምትጨምሪው ነገር አለ?»

ስክስተን ሳለ።

ዮርዲስ ከጠረጴዛው በዚያኛው ወገን ተቀምጣ ይህን ጥያቄ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠይቃለች። ሰው ሊሸሽግ ሲያስብ ዓይኑ ወደ መስኮት እንደሚሄድ ታውቃለች። አሁን የራሷ ዓይን መስኮቱ ላይ አርፎ አገኘችው፤ ከመስታወቱ ማዶ አንድ ባዶ የብስክሌት ማቆሚያ ብቻ ይታያል። መድኑ የእኔ ነው፣ አለች በልቧ፤ እግሩ ግን የእሷ ነው፤ ካመማት የሚያማት እሷን ነው።

«ዛሬ ጠዋት አነከሰች» አለች። «ሁለት እርምጃ። የፊት ግራ።»

ስክስተን ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ኢልቫ እስክርቢቶውን ወደ ኪሷ መለሰችው። «ባለፈውስ የትኛው እግር ነበር?»

«ያው ነው። አራት እርምጃ።»

«የት ሄዳ ስትመለስ?»

«ከማገዶው ክምር በኩል። ያን ቀንም፣ ዛሬም።»

«ቤት ውስጥስ?»

«ቤት ውስጥ አንክሳ አታውቅም።»

ሐኪሟ ቲንድራን በጀርባዋ አስተኛቻትና የፊት ግራ መዳፏን ወደ መብራቱ አዙራ ጣቶቿን ፈለቀቀች። መጀመሪያ ምንም አልታየም፤ በዚያ ግራጫ ጸጉር ውስጥ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ከዚያ ኢልቫ «አሃ» አለችና ዮርዲስን በጣቷ ጠራቻት። በሁለት ጣቶች መካከል፣ ከሥሩ ጸጉር ጋር ተጣብቆ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል የጥድ ሙጫ ተቀምጧል፤ በውስጡም እንደ መርፌ የቀጠነች የእንጨት ስንጣሪ አለች።

«ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ምንም አይሰማትም። ብርድ ላይ ስትወጣ ድንጋይ ይሆንና ስንጣሪውን ይዞ ይወጋታል። ሁለት እርምጃ ስትሄድ ደግሞ ቦታውን ይለቃል» አለች ኢልቫ። «እዚህ ሙቀት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ባስሮጣት አላገኘውም ነበር። ቢከርም ወደ ውስጥ ይገባና ይመግል ነበር።»

ዘይት ቀብታ ሙጫውን አላቀቀች፤ ጸጉሩን ጫፉ ባልሾለ መቀስ አሳጠረች። ቲንድራ ይህን ሁሉ የሐኪሟን ጆሮ እየላሰች አሳለፈችው። ስክስተን ከባርኔጣው ውስጥ ወጥቶ ስንጣሪውን በጣቱ ጫፍ ተቀበለና እንደ ባለሙያ መረመረው።

«የኔ አፈላለጥ አይደለም» አለ። «እኔ እንዲህ ያለ ስንጣሪ አልተውም።»

«ማን ነው ታዲያ እዚያ ግቢ እንጨት የሚፈልጠው?» አለች ዮርዲስ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች።

ማስረጃው በዚያው ዕለት ተላከ። በማግስቱ ከምሳ በፊት ሜልከር ራሱ ደወለ።

«ምክንያቱ ታውቋል፣ ተነቅሏልም» አለ። «አራቱም እግሮች ገብተዋል፣ በሙሉ ጣሪያ። ሳንባውም ገብቷል። ሆዱ ግን…»

«ሆዱ ምን ሆነ?»

«ካልሲ በልታለቻ፣ ዮርዲስ።»

«በልታለች» አለች እሷም በቅንነት።

«እስከ መጋቢት ይቆይ። እስከዚያ ሌላ ነገር ካልዋጠች እናነሳዋለን።»

ዮርዲስ ነገሩን መዘነችና ፍርዱን ትክክል ሆኖ አገኘችው፤ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ እሷም ይህንኑ ትወስን ነበር። «እግሮቹ ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ጠየቀች።

«ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ።»

የጎማ ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ማሰሪያውን ከመስቀያው ልታነሣ እጇን ሰደደችና መልሳ ተወችው። ከበሩ ስትወጣ ቲንድራ እንደ ልማዷ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ለመታቀፍ ጠበቀች፤ ዮርዲስ ግን አልፋት ወረደችና ከታች ቆማ ጠራቻት። ቡችላዋ የመጀመሪያውን ደረጃ አሸተተች፤ ሁለተኛውን በጥርጣሬ ረገጠች፤ የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ላይ ተንከባልላ ወረደች። ዮርዲስ ትንፋሿን ዋጠች። ቲንድራ ተነሥታ ራሷን አራገፈች፤ ቀይ የጫካ ፍሬ በሸፈነው መሬት ላይ ሆዷ እስኪረጥብ ሮጠች፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥዶች ሥር ደርሳም ወደ ኋላ አላየችም።

ዮርዲስም ሳትጠራት፣ እርምጃዋን ሳታፈጥን፣ ግራጫዋን ጭራ በዓይኗ እየተከተለች ወደ ጫካው ገባች።