ጉንጭ የሚሸፍን ፀጉር

አባትየው የሆስፒታሉን አንሶላ በሴት ልጁ አንገት ላይ አስሮ ማበጠሪያውን ከጆሮዋ በላይ አስገባ።

«ጆሮዬን አደራ፤ ድሮም ትንሽ ናት» አለች ልጁ።

«ብትቆረጥ ከየት አመጣልሻለሁ? የእኔም ያው ናት።»

እውነቱን ነው። ሁለቱም ከተወለዱ ጀምሮ የጉንጭ አጥንት የላቸውም፤ ጆሯቸው ትንሽ፣ የታችኛው የዓይን ቆባቸው የተንጠለጠለ። ነገ ሐኪሙ ከራስ ቅሏ ስስ አጥንት ወስዶ የዓይን ቆቧን ደግፎ የሚይዝ ጉንጭ ይሠራላታል። ነርሷ ልትላጫት መጥታ ነበር። ልጅቷ ግን «የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሆኜ በሰው እጅ?» ብላ መለሰቻት።

ደንበኞቹ «ጋሽ መጋረጃ» ይሉታል። ጠባሳም ሆነ መላጣ፣ እሱ ፀጉር አውርዶ የማይሸፍነው ነገር የለም። የልጁንም ጉንጭ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ሸፈነው። ገና ያኔ ሐኪም ዓይኗ እንዲታይ ሲመክረው «እኔ ኖሬበት የለ?» ብሎ ተወው። ሙሉ በሙሉ የማይከደነውን የግራ ዓይኗን ፀጉሩ ሲፍቀው ኖረ፤ ተሸፍኖ ነበርና ማንም አላየም። ትናንት ኮሪደር ላይ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው፤ ጉንጩ ይሠራል፣ የዓይኑ ብርሃን ግን አይመለስም።

«አባዬ፣ ጉንጬ ሲነሳ ዓይኔም ይጠራ ይሆን?»

መቀሱ ቆመ። «ይጠራል» ማለት ቀላል ነበር። ዞሮ ፊት ለፊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አይጠራም፣ ልጄ። ዓይንሽን የፋቀው ፀጉሩ ነው። ያወረድኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከድና በግራው አየችው።

«ጭጋግ ነህ» አለች። አልሳቀችም።

«ትተዪዋለሽ? ነገን?»

«ምን ብዬ እተወዋለሁ? የቀኙ እንኳ ይትረፍልኝ እንጂ።» እጇን አወረደች። «ግን አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን ገለጥ አድርገህ ብታየኝ ኖሮ…»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«በል ቀጥል፣ ነርሷ ትመጣለች።»

ተነሥቶ የግራውን ረጅም ፀጉር በጣቶቹ ያዘና ከሥሩ ቆረጠው። የቀረውን በማሽን ላጨ። እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ስለነበር ፊቷን አላየውም። ሲጨርስ አንገቷን አራግፎ፣ አንሶላውን ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ አጠፈው። ከዚያ የማሽኑን ጥርስ በትንሿ ብሩሽ ጠረገ፣ በጨርቅ ጠቀለለውና ቦርሳው ውስጥ ከተተው።