ቡራዩ የተባለው ድንኳን

ልጄ ረምዚያ ድንኳን ውስጥ ጭስ አስገብታ ለሰው የምታሳይ ሠዓሊ ናት ብል ማን ያምነኛል? ሥዕል ተምራ ስትመለስ ግድግዳዬ ላይ አንድ አበባ እንኳ አልሳለችልኝም። ዘንድሮ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ቡራዩ ወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ ሦስት የላስቲክ ድንኳኖች ተከለች። የመጀመሪያው ባለ ፋብሪካው ሰበታ፣ ሁለተኛው ቡራዩ፣ ሦስተኛው ገጠሩ ገፈርሳ ይባላል። ሰው እየገባ የየቦታውን አየር ይተነፍስና ይወጣል። «ሰው የሚተነፍሰውን አያየውም፤ እኔ ላሳየው ነው» አለችኝ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብዬ ሳቅኩባት።

ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ነገሩ ወደ እኔ መሆኑን አውቃለሁ። ሱቄ አምቦ መንገድ ዳር፣ ከታክሲ መቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚኒባስ ጭስ ስምግ እውላለሁ፤ ማታ ደረቴ ያፏጫል። ሐኪሙ ከመንገዱ ራቂ ብሎኛል። እህቴ ራያ ሱሉልታ ላይ ክፍል አዘጋጅታ፣ ለሱቅ የሚሆን ቤትም አይታልኝ ትጠብቀኛለች። ረምዚያ «መቼ ነው የምንሄደው?» ስትለኝ ምክንያት አላጣም፤ ዛሬ ዕቃ ይመጣል፣ ነገ ደንበኛ ይቀርብኛል።

እውነቱን ለማንም አልነገርኩም። ባለቤቴ ሀሰኖ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። እዚያ መቆሚያ ሲደርስ ለእኔ ብሎ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። የገደለው ሳንባው ነው። እንደ ልማዳችን ልብሱን ሁሉ ለሰደቃ አወጣሁት። ለሰው የቆሸሸ አይሰጥም ብዬ፣ ስንፍና የማላውቀው እኔ፣ አንድ በአንድ ዘፍዝፌ አጠብኩት፤ የሥራ ጃኬቱን እንኳ አልተውኩም። ልብሱ ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። ጠረኑን በገዛ እጄ አጥቤ ደፍቼዋለሁ። ትራሱን አሸተትኩ፣ ቁም ሣጥኑን አሸተትኩ፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። የቀረኝ ያ መቆሚያ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት አድርጌ ሱሉልታ እሄዳለሁ?

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ወደ ድንኳኖቹ ሄድኩ። ገፈርሳ የሚያርሱት የድሮ ደንበኛዬ ኦቦ ነገሳ ለሦስተኛው ድንኳን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አካም ጂርታ፣ ሰዓዲያ?» ብለው ደኅንነቴን ጠየቁኝ።

«ነጋ፣ ኦቦ። አንቱስ ገብተው አዩት እንዴ?»

«ሰበታን አየሁት፤ አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ። ቡራዩን ግን ምን ብዬ ልሰለፍለት? ሚኒባስ ስጠብቅ በነጻ የምጠጣው ነው።»

ረምዚያ ጭንብል አቀበለችኝ። «እማዬ፣ ብዙ አትቆዪ። ሳል ከጀመረሽ ወዲያው ውጪ» አለችኝ።

ሰበታን በችኮላ አልፌ ቡራዩ ገባሁ። ውስጡ ጨለም ይላል። የአሮጌ ሚኒባስ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የተቀዳ የረዳት ድምፅ «አስኮ፣ አስኮ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ጭሱ በቱቦ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ከፊቴ የነበሩት ሁለት ልጃገረዶች አፋቸውን ይዘው ሮጡ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ናፍጣ፣ አቧራ፣ የተቃጠለ ፍሬን፣ ያረጀ የወንበር ጨርቅ። ጭንብሉን አወለቅኩት።

ሀሰኖ ነው። ማታ ገብቶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ ሲስመኝ የነበረው ጠረን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ናፈቀኝ ማለት አይበቃም። ማንም መጥቶ እንዳያስነሣኝ ፈለግኩ።

ረምዚያ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «እማዬ፣ በቃ ውጪ።»

«ሂጂ አንቺ። ትንሽ ልቆይ።»

«ደረትሽ እያፏጨ ነው እኮ።»

«ያፏጭ። አባትሽ ይሸተኛል።»

ስትናገር ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። «እኔ እኮ አባዬን የገደለውን አየር ነው የሠራሁት። እንድትሸሺው ብዬ።»

«አውቃለሁ። እኔ ደግሞ እሱን አገኘሁበት።»

ልትጎትተኝ ነው ስል ጭንብሏን አውልቃ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እንግዲያው አብሬሽ እቀመጣለሁ። እኔም ናፍቆኛል።» በግትርነት አባቷን ነው የምትመስለው። ጥቂት ቆይታ ሳለች። ደረቅ፣ ከሥር የሚመጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ ሳል። ያን ሳል አውቀዋለሁ፤ ከሀሰኖ ጎን ተኝቼ ስንት ሌሊት ሰምቼዋለሁ። ደግማ ሳለች። ለካ እኔ መቆሚያውን ስጠብቅ፣ እሷም እኔን ብላ ያንኑ ጭስ ስትምግ ኖራለች።

እጇን ያዝኩ። «ተነሺ» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔም። ተነሺ ስልሽ።»

ሦስተኛው ድንኳን ገባን። የኦቦ ነገሳ ባሕር ዛፍ ጥግ ጥጉን ቆሟል፤ መሬቱ ላይ እርጥብ አፈር ተነጥፏል፤ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ይነፍሳል። ረምዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ሳሏ እስኪበርድላት ተነፈሰች። የእኔም ፉጨት እየተወኝ መጣ።

«ለራያ ደውዪላት» አልኩ። «በዚህ ሳምንት እንመጣለን በያት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የእውነትሽን ነው?»

«ደውዪ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ስልኳን ይዛ ወጣች። እኔ ብቻዬን በረጅሙ ሳብኩ። ጥሩ አየር ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ደረት አይቧጥጥም። ደግሜ ሳብኩ፤ እንደገናም፣ እየፈለግኩ። ሀሰኖ ግን የለበትም።