የስብሰባው ሥጋ

ወንድም ጋሼ ሥጋ ቆራጭ ነው። ስለ ውሃ ሊሟገት ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። «አንተ ብሎ የውሃ ጠበቃ! በሬ ባይደልብ ምን ልትቆርጥ ነው?» አሉት። እኔ አልሳቅኩም። የሚሟገትለት የውሃ ጉድጓድ የእማዬ ነው፤ ከአባታችን ጋር በገዛ እጇ የቆፈረችው።

ከጓሯችን በላይ ያለው ኮረብታ ድሮ ደን ነበር። መጀመሪያ ደኑ ተመንጥሮ ለከብት መኖ በቆሎ ተዘራበት፤ ቀጥሎ ማደለቢያው መጣ። የበሬዎቹ እበትና ሽንት የሚጠራቀምበት ኩሬ በዘነበ ቁጥር እየሞላ ቁልቁል ይወርዳል። የጎረቤቶቻችን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተበላሹ፤ የእማዬ ብቻ ተረፈ። አሁን ደግሞ ማደለቢያው ሁለተኛ ኩሬ ሊቆፍር አሰበ፤ እዚሁ አጥራችን ጥግ! ውሃውን የመረመረችው ባለሙያ፣ «ይሄ ከተቆፈረ የእናንተም አለቀለት። ብታፈሉትም አይጠጣም» አለችን።

ሰፈሩ ካልተስማማ ግን ኩሬው መቆፈሩ ይቀራል። ለዚህ ነው ስብሰባ የተጠራው።

«እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ብቻ እማዬን ደግፈሽ ይዘሻት ነይ» አለኝ ወንድም ጋሼ። ንግግሩን በቃሉ አጥንቶት ነበር።

የማደለቢያው ሥራ አስኪያጅ ባዶ እጁን አልመጣም። የአንድ በሬ ሥጋ አስጭኖ ከች አለ። «ጎረቤት እኮ ነን፤ መጀመሪያ እንብላ» አለ እየሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። «እዚህ መሃል ቢላ የሚያውቅ አለ?» ሲል የሁሉም ዓይን ወንድሜ ላይ አረፈ።

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ግን አንዱ የደነዘ ቢላ ይዞ ሽንጡን መዘነጣጠል ጀመረ፤ ወንድሜ ደግሞ ሥጋ ሲበላሽ ማየት አይችልም። እጅጌውን ሰብስቦ ቢላውን ተቀበለ። ስቡን እየለየ፣ ጥርስ ለሌላቸው ለስላሳውን እየመረጠ ለሁሉም አዳረሰ።

«ወንድም ጋሼ፣ ንግግርህስ?» አልኩት ተጠግቼ።

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ። የተራበ ሰው አይሰማም።»

የጠገበውም አልሰማ። ወንድሜ ገና ቅልጥሙ ላይ እያለ ሥራ አስኪያጁ፣ «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» አለ። ጉድጓዳቸው የተበላሸባቸው ጎረቤቶቻችን እንኳ ስብ የነካው እጃቸውን አነሱ። በገንኩ። ሆዱ አምላኩ ማለት ይሄ ነው።

«ቆይ እንጂ! የምናገረው አለኝ!» አለ ወንድሜ ቀና ብሎ።

«ባክህ ቅልጥሙን ጨርስልን» አለው አንዱ፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እማዬ እጇን አላነሳችም። እሷም ግን ወንድሜ መርጦ የቆረጠላትን በልታለች።

ቤት ስንገባ ውሃ ጠማኝ አለች። ከጉድጓዱ ቀድቼ ሰጠኋት፤ ገና ንጹሕ ነበር። ወንድም ጋሼ ሞራ የነካው እጁን ዘርግቶ «አስታጥቢኝ» አለኝ። ጆጉን ሳዘነብል እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪ፣ አታፍስሺው» አለች። «እስካለ ድረስ ጠጡት።»