ለዳቦው የሚቀዳው ሻይ

እናቴ ሎውሪ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ አንድ ኩባያ ሻይ ትቀዳና ማንም ሳይጠጣው ታሳድረው ነበር። በትልቁ ሰማያዊ ኩባያ ነው የምትቀዳው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከበሩ በኩል ካለው ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ታስቀምጠዋለች። «ለዳቦው ነው» ትላለች፣ ሳትጠየቅ። ዓርብ ጠዋት የቀዘቀዘውን ሻይ ዘቢብ ላይ ትደፋዋለች። ዘቢቡ ሻዩን ጠጥቶ እስኪያብጥ ይዘፈዘፋል፣ ቅዳሜ ከዱቄትና ከቅመም ጋር ተለውሶ ይጋገራል፣ እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ያ ዝንጉርጉር ዳቦ ተቆርጦ ቅቤ ይቀባል። በሰፈራችን ይህን ዳቦ የማትጋግር ሴት የለችም፤ የእናቴን የሚያህል ግን አልነበረም።

ጎረቤታችን ማርጌድ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥታለች። «ሎውሪ፣ እኔም ዘቢብ አለኝ፣ እኔም ሻይ አለኝ። የእኔ ለምንድነው የጫማ ሶል የሚመስለው?»

«ስለምትቸኩዪ» ትላታለች እናቴ።

«ዘጠኝ ወር አርግዤ አምስት የወለድኩ ሴት ቸኩላ አታውቅም!» ትላለች ማርጌድ። ሁለት ቁራሽ በልታ፣ ሦስተኛውን በመሐረብ ጠቅልላ ትሄዳለች።

መስኮታችን ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» ይላል። የጣሪያ ድንጋይ የሚፈለጥበት ተራራ ሠራተኞች ሦስት ዓመት አድማ በመቱ ጊዜ ያልለጠፈው ቤት አልነበረም፤ ከሃዲ የሚባለው አድማውን ጥሶ ሥራ የገባ ሰው ነው። ወንድሜ ኤምሪስ ሁለቱን ዓመት ጥርሱን ነክሶ ቆየ። በኋላ ትንሿ ልጁ ታመመች፤ ወተት እንኳ መግዣ አጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት የሥራ መሣሪያውን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። በዚያው ቀን አባቴ ኢድዋል የኤምሪስን የእሁድ ኮት ከምስማሩ አውርዶ ደጅ ወረወረው። «ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ» አለ፤ አልተነሳም።

አድማው ከሸፈ። አባቴ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ወደዚያው ተራራ ተመለሰ። ሌሎቹ ወረቀታቸውን ቀደው ምድጃ አቀጣጠሉበት። የእኛ ግን ጠርዙ በተላቀቀ ቁጥር አባቴ ዱቄት በውሃ በጥብጦ መልሶ ይለጥፈዋል። ኤምሪስ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ በላይኛው ሰፈር እየኖረ ዘጠኝ ዓመት ደጃችንን አልረገጠም። እናቴን ከሩቅ ሲያያት ባርኔጣውን ያነሳላት ነበር። አባቴ አብሯት ካለ ያንንም አያደርግም።

በዘጠነኛው ዓመት መጸው ላይ የእናቴ ልብ ደከመ። አልጋዋን ወደ ወጥ ቤቱ አመጣንላት። ዳቦውን የመጋገሩ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ኔስታ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ባል የሌለኝ፣ ምላሴ ስለት ነው የሚባልልኝ፣ ውሸት አላውቅም እያልኩ የምኮራ ሴት ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዳቦ ቆርጬ አንድ ቁራሽ ሰጠኋት። ቀመሰችና መለሰችልኝ።

«ምን ጎደለው?»

«ሻዩ።»

«ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ነው ያደረግኩበት። ሻይ ሻይ ነው፣ እማዬ።»

«ከተረፈው አይሆንም። በሰማያዊው ኩባያ ቅጂ። ወተት እንዳታደርጊ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሪና አማስዪው።»

«ስኳሩ እኮ ዱቄቱ ውስጥ አለ።»

«ሻዩ ውስጥ ነው ያልኩሽ! ከበሩ በኩል አስቀምጪው።»

«ለዘቢብ በየት በኩል ቢቀመጥ ምን ለውጥ አለው?» አልኳት። ሰልችቶኝ ነበር፤ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

እናቴ እንደ ሞኝ አየችኝ። «ያ ልጅ ያለ ስኳር ይጠጣል እንዴ?»

አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር። እጁ ባለበት ቀረ። በቤታችን ሁላችንም ሻይ በወተት፣ ያለ ስኳር ነው የምንጠጣው። ያለ ወተት በሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቴ ባሏ ፊት ለልጇ ሻይ ስትቀዳ፣ አባቴም ልጁ ያልጠጣውን ሻይ በየእሁዱ በቅቤ ሲበላ ኖሯል።

«ኢድዋል» አለች እናቴ። «አንዴ ብቻ ልየው።»

አባቴ ወደ እግሩ አጎነበሰ። ጫማውን መልሶ አስሮ ወጣ። ያን ጊዜ ጠላሁት፤ እውነቱን ነው የምናገረው።

በሳምንቱ ሐኪሙ መጣና እሁድን አታይም አለን። ሐሙስ ነበር። ማርጌድ ሾርባ አምጥታ፣ አልቅሳ፣ ተመልሳ ሄደች። ከሰዓት በኋላ አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጣደ። በዕድሜው ሻይ አፍልቶ አያውቅም፤ ቅጠሉ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ጠፍቶት ሁለት ቆርቆሮ ከፈተ። በሰማያዊው ኩባያ ቀዳ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረ። አማስሎ፣ አማስሎ፣ ከበሩ በኩል አስቀመጠው።

«ለዳቦው ነው?» አልኩት።

ፊቱን አላዞረልኝም። «ሻይ ሲቀዘቅዝ ደስ አይልም» አለ።

ሻርፔን አንስቼ ዳገቱን ወደ ኤምሪስ ቤት ሮጥኩ።

ኤምሪስ ደጁ ላይ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ሲያየኝ መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ።

«ሞተች?»

«አልሞተችም፤ ግን ቶሎ ና።»

«አባዬ ነው የላከሽ?»

«ሻይ ቀድቷል። በገዛ እጁ፣ በሁለት ስኳር።»

አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። «ወረቀቱስ? መስኮቱ ላይ አለ?»

አለ አልኩት። ስወጣ ወደ መስኮቱ አልተመለከትኩም ነበር፤ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ያልተነሳ ወረቀት ዛሬ የት ይሄዳል ብዬ አለ አልኩት። አላየሁም ማለት እችል ነበር። የለም ብዬ መዋሸትም እችል ነበር፤ የሰማዩ ጌታ ይቅር ይለኝ ነበር።

«እንግዲያው መጀመሪያ ወረቀቱን ያንሳና ከዚያ ጥሪኝ» አለ ኤምሪስ። «እናቴ ፊት ከሃዲ እየተባልኩ አልገባም፣ ኔስታ። ያንን ጽሑፍ አልፌ አልገባም።»

«አንተ ግትር! እሷ እየሞተች ነው እኮ!»

«እሱም ይህን እያወቀ ነው ያላነሳው።»

ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ እጁን ጎተትኩት። እንደ ተራራው ድንጋይ አልነቃነቅ አለኝ። እያለቀስኩ ቁልቁል ወረድኩ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ቤታችን ታየኝ። መስኮቱ ባዶ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ያያል። ስቀርብ ጥፍሮቹ ውስጥ የደረቀ ዱቄት አየሁ።

«የታለ?» አለኝ።

«ወረቀቱን... ወረቀቱ አለ ብዬው...»

«አንስቼዋለሁ እኮ» አለ። «ማንቆርቆሪያውን ስጥድ ነው ያነሳሁት። አላየሽም?»

አላየሁም። ዓይኔ ሰማያዊው ኩባያ ላይ ነበር።

ዳገቱን እንደገና ሮጥኩ። ኤምሪስ ገና ከሩቅ «አንስቶታል!» ስለው ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ ቀድሞኝ ወረደ። ስንገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«አሁን» አለ። «አሁን ነው ያረፈችው። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።»

ኤምሪስ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ፊቱን አንሶላዋ ውስጥ ቀበረ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አንዲት ውሸት፣ አንዲት ብቻ፣ እያልኩ ነበር። እስከ ዛሬም እያልኩ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኤምሪስ ተነሳ። ከበሩ በኩል ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኩባያውን በሁለት እጁ አነሳ። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ላዩ ጠቁሯል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጥ ጠጣው፤ ሥሩ የቀረውን ስኳር በማንኪያ ጠርጎ በላው። ልጅ ሆኖ እንዲህ ሲያደርግ እናቴ ትቆጣው ነበር። አባቴ ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

ማርጌድ ሰምታ እያለቀሰች ገባች። ኤምሪስን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያ ግን ወደ እሱ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው። በእኛ አገር ለቅሶ የመጣ ሰው ያለ ዳቦ አይሸኝም። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ እኔ ዞረች።

«ዘቢቡን እኔ ልዘፍዝፍ፣ ልጄ። በሎውሪ ቀብር የሎውሪ ዳቦ መቅረብ አለበት። ሻዩ የታለ?»

ኩባያውን አየሁ፣ አባቴን አየሁ። አባቴ ባዶውን ኩባያ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

«የተረፈ የለም» አለ። «የዛሬውን ባለቤቱ ጠጥቶታል።»